ስውጥ ዓይኔ ይጨልማል፤ ልቤ ነው ወይስ ጨጓራዬ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው። ሐዋሳ አሮጌ ገበያ አካባቢ ሱቅ አለኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ቃር ያሠቃየኛል። ማታ በልቼ ጋደም ስል ደረቴን ያቃጥለኛል፣ ልቤም ትር ትር ይላል። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ሁለት ጊዜ ተነሥቼ “ነፃ ነሽ” ተባልኩ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል በራሴ እየገዛሁ ከዓመት በላይ ወስጃለሁ። ለልብ ምቱ ፕሮፕራኖሎል ታዘዘልኝ። አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ ጎንጨት ስል ዓይኔ ይጨልማል። አንዴ ጠረጴዛ ይዤ ነው ከመውደቅ የተረፍኩት። የጉሮሮና የጨጓራ ችግር ልብን ሊጎዳ ይችላል? ወተት መጠጣትስ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፉት ሁሉ ያሳሰበኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጉት ነው። ቃሩ ሁለት ዓመት ቆይቷል፤ ጥቂት ቀን ቢጨምር ብዙ ለውጥ አያመጣም። ሲውጡ ዓይንዎ መጨለሙ ግን ለሌላ ጊዜ የሚባል አይደለም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። አንድ ጊዜ እንኳ ራስዎን ከሳቱ ደግሞ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ለዋናው ጥያቄዎ መልሱ አዎ ነው። የምግብ ቧንቧ ልብን ሊያውክ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያውከው ምቱን ነው፤ የልብን ጡንቻ ሲጎዳ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። እኔን ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ተቃራኒው ነው። ልቡን የታመመ ሰው “ጨጓራ ነው” ተብሎ ቤቱ ይቀመጣል። በእኛ አገር ጨጓራ የማይሸከመው ሕመም የለም። ራስ ሲያዞር ጨጓራ፣ ደረት ሲወጋ ጨጓራ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ጨጓራ።

ሁለቱ ለምን እንደሚምታቱ ለመረዳት አቀማመጣቸውን ማወቅ ይበቃል። የምግብ ቧንቧ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ደረት ውስጥ የሚወርደው በልብ ጀርባ ነው፤ ከግራው የላይኛው የልብ ክፍል ጋር ተጣብቆ ያልፋል ማለት ይቻላል። በመካከላቸው ያለው ስስ የልብ ከረጢትና ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እኛም ይህን ቅርበት እንጠቀምበታለን። ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው፣ በደረት በኩል ጥርት ብሎ አልታይ ሲል፣ ቀጭን መሣሪያ በአፍ አስገብተን በምግብ ቧንቧ በኩል ልብን ከጀርባው እናየዋለን።

ቅርበቱ በቦታ ብቻ አይደለም። አንድ ግቢ ተከራይተው አንድ ቆጣሪ እንደሚጋሩ ሰዎች፣ ልብና የምግብ ቧንቧ ነርቭ ይጋራሉ። ቫገስ የሚባለው ረጅም ነርቭ ሁለቱንም ያዝዛል። የሕመም ስሜታቸውም ወደ አከርካሪ የሚገባው በተቀራረበ ቦታ ነው። ስለዚህ አንጎል “ደረቴን አመመኝ” ይላል እንጂ ከየትኛው እንደመጣ ለይቶ አይናገርም። የምግብ ቧንቧ ጡንቻ ሲኮማተር የሚሰማው ጭምቅ የሚያደርግ ሕመም ከልብ ሕመም ጋር አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ወደ መንጋጋና ወደ ክንድ እስከመሄድ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። “የቃር ሽሮፕ ጠጥቼ ስለተሻለኝ ልቤ አይደለም” ይላሉ። ይህ ማስረጃ አይሆንም። የልብ ሕመምም በራሱ ጊዜ ጋብ ይላል፤ ሽሮፑ በዚያው ሰዓት ተጠጥቶ ምስጋናውን ይወስዳል። በተቃራኒው ደግሞ ከምላስ ሥር የሚደረገው የልብ መድኃኒት ናይትሮግሊሰሪን የምግብ ቧንቧን ቁርጠትም ያላላል። በሱ መሻልም ልብ መሆኑን አያረጋግጥም። ከመድኃኒቱ ይልቅ እኔ የምጠይቀው ሕመሙ መቼ እንደሚመጣ ነው። ታቦር ተራራን ሲወጡ ወይም ዕቃ ተሸክመው ሲራመዱ መጥቶ፣ ቆም ሲሉ የሚለቅ ከሆነ ልብን እጠረጥራለሁ። በልተው ሲተኙ ወይም ጎንበስ ሲሉ የሚመጣ ከሆነ ወደ ቃር አደላለሁ። ሁለቱም ያለበት ሰውም አለ። የልብ ደም ሥር መጥበብና ቃር አብረው መኖራቸው ብርቅ አይደለም።

አሁን ወደ አምቦ ውሃው ልመለስ።

ስንውጥ የምግብ ቧንቧ ይለጠጣል። መለጠጡ በቫገስ ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይነገራል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ አንጎል ለዚህ ከልክ ያለፈ መልስ ይሰጣል፤ በዚያው ነርቭ በኩል ልብን “ቀስ በል” ብሎ ያዝዛል። ልብ በድንገት ይዘገያል፣ አንዳንዴም ለጥቂት ሰከንዶች ይቆማል። ደም ወደ ጭንቅላት ሲቀንስ ዓይን ይጨልማል፣ ካለፈም ሰው ይወድቃል። ብዙ የማይታይ ችግር ነው፤ ግን የታወቀ ነው። የሚቀሰቅሱትም ቀዝቃዛ ነገር፣ ጋዝ ያለው መጠጥና ትልቅ ጉርሻ ናቸው። ቀዝቃዛ አምቦ ሁለቱን በአንዴ ይዟል። ከበስተጀርባው አንዳንዴ የምግብ ቧንቧ መጥበብ፣ ቁርጠት ወይም የጨጓራ ወደ ደረት መውጣት ይገኛል። አንዳንዴ ደግሞ ቧንቧውም ልቡም ተመርምረው ደህና ይሆናሉ፤ ነርቩ ብቻ ነው የሚያስቸግረው።

የእርስዎን ነገር ያከበደው ፕሮፕራኖሎል ነው። ይህ መድኃኒት ሥራው ልብን ማዘግየት ነው። አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎልም የዚያው ቤተሰብ ናቸው፤ ቬራፓሚልና ዲጎክሲንም ልብን ያዘገያሉ። ሲውጡ ልብዎ በነርቭ የሚዘገይ ከሆነ፣ ላዩ ላይ መድኃኒቱ ሲጨመር ችግሩ ይብሳል። ግን እባክዎ ዛሬ ማታ በራስዎ አያቋርጡት። በድንገት ሲቆም ልብ እንደገና ሊጋልብ፣ ግፊትም ሊጨምር ይችላል። ይልቅ ቁጭ ብለው የእጅ አንጓዎ ላይ ምትዎን ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከ50 በታች ከሆነና የሚያዞርዎት ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ይሂዱ። መድኃኒቱን የመቀነሱን ወይም የመቀየሩን ነገር ያዘዘልዎ ሐኪም ይወስን። እስከዚያው ቀዝቃዛና ጋዝ ያለው መጠጥ ይተው፣ ትንሽ ትንሽ ይጉረሱ፣ ሲበሉና ሲጠጡ ቁጭ ይበሉ። መኪና ወይም ሞተር የሚነዱ ከሆነ ምርመራው እስኪያልቅ አይንዱ።

ኢሲጂው ሁለት ጊዜ ነፃ መሆኑ ያጽናናል፣ ግን ብዙ አይናገርም። አንድ ኢሲጂ የሚቀዳው 10 ሰከንድ ያህል ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 20 ሰከንድ። ያኔ ደግሞ አልጋ ላይ ተኝተው ነበር፤ አምቦ እየጠጡ አልነበረም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ችግሩ ሲመጣ የሚቀዳ ነገር ነው። ሆልተር የሚባለው ትንሽ መሣሪያ ደረት ላይ ተለጥፎ 24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይቀዳል። በዚያ ቀን እንደወትሮው ይብሉ። ማዞሩ ወይም ትርታው የመጣበትን ሰዓት ማስታወሻ ላይ ይጻፉ። ሆልተር ካልተገኘ ሐኪም ባለበት፣ የልብ መከታተያ ማሽን ተገጥሞልዎ መዋጥ ይቻላል። ያኔ ምቱ ሲወርድ በዓይን ይታያል። ይህንን ግን ቤትዎ ማንም እንዳያስሞክርዎት።

ከተረጋገጠ መፍትሔ አለው። የሚያባብሰው መድኃኒት ይወጣል። የምግብ ቧንቧው ችግር ካለበት ይታከማል። ያ ሁሉ ሆኖ ሰውየው መውደቁን ካልተወ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበረው የልብ ምት ማስተካከያ፣ ፔስሜከር፣ ይገጠማል።

ማታ ሲተኙ የሚመጣው ትርታ ሌላ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ጨጓራ ሲሞላና በጋዝ ሲነፋ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ወደ ላይ ይገፋል። ልብ ደግሞ ድያፍራም ላይ ነው የተቀመጠው። ሮምሄልድ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከመቶ ዓመት በፊት ይህን ገልጾት ስለነበር ስሙ እስከዛሬ ለሕመሙ መጠሪያ ሆኗል። የጨጓራ የላይኛው ክፍል በድያፍራም ቀዳዳ ሾልኮ ደረት ውስጥ የገባባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ነገሩ ይበረታል። ሾልኮ የገባው ክፍል ትልቅ ከሆነ የግራውን የላይኛውን የልብ ክፍል ከጀርባ ሊጫነው ይችላል። ይህን በኢኮም ላይ ያየነው አለ። ቃር ያለባቸው ሰዎች ላይ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የተዘበራረቀ ምት በርከት ብሎ ይታያል። ቃሩ ነው ያመጣው ወይስ ውፍረትና ዕድሜ ሁለቱንም አብረው ያመጡታል የሚለው ግን ገና ያከራክራል። ምቱ የተዘበራረቀ መሆኑ ከተገኘ ግን ክርክሩን ትተን እናክማለን፤ ደም ረግቶ ወደ አንጎል እንዳይሄድ መጠንቀቅ አለብንና። በነገራችን ላይ አንድ ምት ዘለለ የሚለው ስሜት በአብዛኛው ሰው ላይ ጉዳት የለውም።

ስለ ኦሜፕራዞል ላንሳ። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ እኔም በየቀኑ አዝዘዋለሁ። ግን ሲያም ሲያም ተብሎ አይወሰድም። ከምግብ በፊት 30 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይዋጣል። ለቃር የተለመደው ጊዜ 8 ሳምንት ነው፤ ከዚያ ሐኪም አይቶ ይቀንሳል ወይም ያቆማል። ዓመትና ከዚያ በላይ ሲወሰድ በአንዳንድ ሰዎች ላይ በደም ውስጥ ያለውን ማግኒዥየም ያወርዳል። ማግኒዥየም ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል። ስለዚህ ትርታዎ የመጣው ከመድኃኒቱ በኋላ ከሆነ ማግኒዥየምና ፖታሲየም ይመርመሩ። ቀላል የደም ምርመራ ነው።

የበለጠ የምፈራው ግን ዶምፔሪዶንን ነው። ለማቅለሽለሽና ለጨጓራ መነፋት ከፋርማሲ በቀላሉ ይገዛል። ይህ መድኃኒት የልብ ኤሌክትሪክ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ እንደገና ለመዘጋጀት የሚወስድበትን ጊዜ ያስረዝማል፤ በአንዳንድ ሰው ላይ አደገኛ የምት መዛባት ያመጣል። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2014 በአዋቂ ሰው በቀን ከ30 ሚሊ ግራም እንዳያልፍና ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ ወስኗል። የባሰው ደግሞ ቅልቅሉ ነው። “የጨጓራ ባክቴሪያ አለብሽ” ተብሎ ከሚታዘዘው የ14 ቀን መድኃኒት ውስጥ ክላሪትሮማይሲን አለ። እሱም ያንኑ ጊዜ ያስረዝማል፣ በዚያ ላይ ዶምፔሪዶን ደም ውስጥ እንዲጠራቀም ያደርጋል። ሁለቱ አብረው መወሰድ የለባቸውም። አንዱን ከጤና ጣቢያ፣ አንዱን ከሰፈር ፋርማሲ የሚገዛ ሰው ይህን የሚነግረው አያገኝም። ስለዚህ የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱና ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ያፍስሱት።

ልብ ታማሚ ሆኖ ቃር ያለበት አንባቢም ስለማይጠፋ አንድ ነገር ልጨምር። የልብ ደም ሥር ላይ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ተደርጎለት ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ክሎፒዶግሬል የሚወስድ ሰው ኦሜፕራዞል ለሱ አይመረጥም፤ የክሎፒዶግሬልን ሥራ ያዳክማል። የኦሜፕራዞል ቤተሰብ የሆነው ፓንቶፕራዞል ይሻለዋል። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ኒፌዲፒን፣ የምግብ ቧንቧውን የታችኛውን በር አላልተው ቃር ያባብሳሉ። ዶክሲሳይክሊንና የፖታሲየም ክኒን ደግሞ ያለ ውሃ ተውጠው ቧንቧው ላይ ከተጣበቁ ያቆስላሉ። ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ ይቆዩ።

ሐዋሳ ሆኜ ስለ ዓሣ እሾህ ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ይቆጨኛል። አሞራ ገደል ሄዶ ቆሮሶ ጠብሶ መብላት የከተማችን ደስታ ነው፤ ማንም ይተው አልልም። እሾህ ሲሰካ ግን “ደረቅ እንጀራ ጠቅልለህ ዋጥበት” የሚለው ምክር አደገኛ ነው። እንጀራው እሾሁን ይበልጥ ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። ከምግብ ቧንቧ አጠገብ ደግሞ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር፣ አኦርታ፣ አለ። እሾህ ቧንቧውን በስቶ ቀስ በቀስ እዚያ ሊደርስ ይችላል። መጀመሪያ ደረት ያማል። ከዚያ ጥቂት ደም ያስታውካል፣ ይቆማል። ሰው ተሻለኝ ብሎ ይተኛል። ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ የሚመጣው ደም ግን አይቆምም። ብርቅ ነው፣ ግን መዳን የሚቻለው ቀድሞ ሲደረስ ብቻ ነው። ወደ ልብ ከረጢት የሚበሳም አለ፤ ያኔ በልብ ዙሪያ መግል ይቋጥራል። ስለዚህ እሾህ ተሰክቶ ምራቅ ለመዋጥ ካስቸገረ ወይም ደረት ካመመ በዚያው ቀን ሆስፒታል። ኤክስሬይ የዓሣ እሾህ ብዙ ጊዜ አያሳይም። ኤክስሬዩ ንጹሕ ነው ተብሎ መመለስ አይበቃም፤ ሲቲ ስካን ወይም ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ ቧንቧውን የሚያይበት ምርመራ) ይጠይቁ።

ከዚሁ የሚመደብ ሌላም አለ። ሰው በኃይል ሲያስታውክ ቧንቧው ሊቀደድ ይችላል። ትውከቱን ተከትሎ ድንገት የማይቻል የደረት ሕመም ይመጣል፤ አንዳንዴ አንገት ላይ ቆዳው ሲነካ ይንኮሻኮሻል። ከልብ ድንገተኛ ሕመም ጋር ይምታታል። “ሕመሙ የጀመረው ካስታወከ በኋላ ነው” የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ለሐኪሙ ብዙ ነገር ይለውጣል። ለደም ማቅጠኛ የሚጣደፈውንም እጅ ይይዛል።

የጠቀስኩት ሁሉ ከቧንቧ ወደ ልብ ነው። መንገዱ ግን ወደ ኋላም ይሄዳል፤ በአገራችን ይህኛው ቸል መባል የለበትም። በልጅነት በጉሮሮ ሕመም የጀመረ የልብ ቫልቭ ችግር እኛ ጋ ብዙ ነው። ቫልቩ ሲጠብ የግራው የላይኛው ክፍል ይለጠጥና ከኋላው ያለውን የምግብ ቧንቧ ይጫናል። ወጣት ሰው ምግብ አልወርድ አለኝ እያለ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ከሆነ፣ ድምፁም ከሻከረ፣ ከኢንዶስኮፒ በፊት ኢኮ ይታይለት ባይ ነኝ። ለእርስዎም ኢኮ አንድ ጊዜ መታየቱን እመክራለሁ።

ኢንዶስኮፒ ያስፈልገኛል ወይ ካሉኝ፣ አዎ ያስፈልግዎታል። ዕድሜዎ ከ40 አልፏል፣ ቃሩ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ሲውጡ የሚመጣ ምልክትም አለ። የሚያስቸኩለው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ሥጋና ዳቦ፣ ከዚያ ሾርባም አልወርድ ካለ፣ ክብደትም ከቀነሰ ካንሰርን ማጣራት አለብን። በአርሲና በባሌ በኩል የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ይታያል፤ ከዚያ አካባቢ ወደ ሐዋሳ የመጣችሁ ይህን ምልክት ፈጽሞ አትታገሡ። ሕክምናው ራሱም ለልብ ከባድ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ምት ይዘበራረቃል፣ ጨረር የልብን ከረጢት ያስቆጣል፣ አንዳንዱ የካንሰር መድኃኒትም የልብ ደም ሥርን ያኮማትራል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ልብ ይመረመራል።

በኑሮ በኩል ከሁሉ በላይ የሚጠቅምዎት የእራት ሰዓት ነው። ሱቅ ዘግቶ፣ ማታ ሦስት ሰዓት እራት በልቶ፣ አራት ሰዓት መተኛት ለቃርም ለትርታም ግብዣ ነው። በእራትና በእንቅልፍ መካከል ሦስት ሰዓት ያህል ይኑር። አይሆንም ካሉ ትልቁን ምግብ ቀን ይብሉና ማታ ቀለል ያድርጉት። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በአንዴ ጥግብ ማለትም ያው ነው፤ ከፍለው ይብሉ። ቅቤ የበዛበት ቡርሳሜ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል። እሱን የሚበሉት ለማታ ሳይሆን ለምሳ ይሁን። ከአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚያነሣ እንጨት ወይም ብሎኬት ያስገቡ፤ ትራስ መደራረብ ግን ሆድን ያጥፋል እንጂ አይጠቅምም። በግራ ጎን መተኛት ይረዳል። ቡና የሚያባብስብዎት ከሆነ ይቀንሱ፤ ካላባባሰ ሦስቱን ሲኒ አልከለክልዎትም። ጫት ግን ልብን ያስጋልባል፣ ግፊት ይጨምራል። ጫትም ትርታም ያለበት ሰው መጀመሪያ ጫቱን ሳይተው ምርመራ ቢደራርብ ገንዘቡን ነው የሚያባክነው።

ደረትዎን 15 ደቂቃ ያልለቀቀ ጭምቅ የሚያደርግ ሕመም ከያዘዎት፣ ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ ከሚሄድ ሕመም ጋር ከመጣ፣ ቃር ነው ልብ ነው ብለው አይከራከሩ። ሴቶች ላይ እንዲያውም ድካምና ማቅለሽለሽ ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። አምቡላንስ ከዘገየ ኮንትራት ባጃጅም ቢሆን ይያዙ። ሲሄዱ የድሮዎቹን ሁለት ኢሲጂ ወረቀቶች ይዘው ይሂዱ። ከአዲሱ ጋር ማወዳደር መቻል ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው።

ወተቱን ረስቼው ነበር። ሲጠጡት ለጥቂት ደቂቃ ያበርዳል። ከዚያ ጨጓራ ለሱም አሲድ ያመነጫል፣ ቅባቱም ይከብደዋል። ቀን ላይ ቢጠጡ ግድ የለም፤ ሊተኙ ሲሉ ግን ይለፍዎት። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ወተትም ምርመራው እስኪያልቅ ከአምቦው ጋር ይቆይ።